አሳማ የሚያጥነው ሰው

«ምን ያደርጋል አልከኝ?»

«አሳማ ያጥናል!»

«አስተግፊሩላህ! በዕጣን?»

«እንግዲህ በምን ይታጠናል፣ ሸሆቼ?»

ፈርሂያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የሰማችው ይህን ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረውን ንግግር ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው የክረምት ዝናብ ወስዶባታል። አባቷ ሼህ ሷሊህ መጀመሪያ ተቆጡ ወይስ መጀመሪያ ሳቁ፣ ዛሬ ብትጠየቅ አታስታውስም። ሊያጯት የመጡት ሽማግሌዎች ግን ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ መውጣታቸውን አትረሳም።

ተናጋሪው ጋሽ አምባቸው ነበሩ፤ የሼህ ሷሊህ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ። ክርስቲያን ቢሆኑም በዚያ ሰፈር እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና አይሰምርም ይባላል። ችግራቸው ጆሯቸው ነው፤ አንደኛው ብቻ ነው የሚሰማ። ጠያቂው ልጅ ሙሐሲን «ደብረ ዘይት አካባቢ የአሳማ እርባታ አጠናለሁ» ቢላቸው፣ «አጥናለሁ» ብለው ሰሙ። የዘመኑ ትምህርት መቼም ጉድ አያልቅበትም ብለው፣ የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አደረሱ።

ወሬው ከመካነ ሰላም ተነስቶ እዚያው ቅርብ ያለው ከላላ ሳይደርስ ጅዳ ደረሰ። እህቷ ኑርጃን ከዚያ ደወለች።

«አንቺ፣ እውነት ነው? ለአሳማ ዕጣን የሚያጨስ ሰው ነው የጠየቀሽ?»

«አያጥንም፣ ያጠናል!»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ!»

«ያ-ጠ-ና-ል! በመጽሐፍ!»

«ወይ ጉዴ! መጽሐፍም ያነብለታል?»

ፈርሂያንና ሙሐሲንን ያገናኛቸው ምንጭ ነበር። ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው። ፈርሂያ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አንድ ጠዋት ከቤታቸው በታች ወዳለው ምንጭ ስትወርድ፣ የማታውቀው ወጣት ተንበርክኮ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሲቀዳ አገኘችው። የእንስሳት ሕክምና ተማሪው ሙሐሲን ነበር፤ የወረኢሉ ልጅ፣ አጎቱን ሊጠይቅ የመጣ።

«ወንድሜ፣ ከጠማህ ጣሳ አለ። በዚያች ጠርሙስማ እስኪመሽ አትረካም።»

«ልጠጣው አይደለም፤ ላየው ነው።»

«ውሃ ደግሞ ምኑ ይታያል?»

«የማይታየው» አለና ቀና አለ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ምንጩ ብቻ ኩልል ይላል።

«ያ... ከላይ ያለው የፍግ ክምር የማን ነው?» አለ እንደምንም። «ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደዚህ ይወርዳል።»

«የአባቴ።»

ጠርሙሱ ከእጁ ወደቀ። ፈርሂያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው። በማግስቱ እንደገና መጣ፤ ጠርሙሱን ፍለጋ ነው አላት። ጠርሙሱ በእጁ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ መመለስ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። እንቅልፍ አጣች፤ ምግብም አልበላ አላት። የሰውን ቤት ሁሉ እየዞረች ስለ ንጹሕ ውሃ ስታስተምር፣ ለገዛ አባቷ ስለዚያ ክምር መናገር አፍራ ኖራለች። አሁን ደግሞ ስለ ሙሐሲን ዝም ብትል እሱም እንደዚያው ሊቀር ነው። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ዱዓዋን አድርጋ፣ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አያጥንም፤ ያጠናል።»

«ሐራም የሆነ ነገር ምኑ ይጠናል?»

«እንስሳውን አይደለም፤ ከእርባታው በታች የሚኖሩትን ሰዎች ነው።»

ሼሁ የመስበሐቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ።

«እስቲ ራሱ ይንገረኝ። ነገ ጠዋት ምንጩ ጋ ይምጣ።»

ሙሐሲን ከጋሽ አምባቸው ጋር መጣ። ፈርሂያም ጀሪካን ይዛ ወረደች፤ ቤት ውስጥ ግን ውሃ ሞልቷል። የሼህ ሷሊህ ተማሪዎች፣ ቁርኣን የሚያስቀሯቸው ደረሶች፣ ከትምህርት በፊት እጅ እግራቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ከእርባታው የሚወጣው ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ሸሆቼ» አለ ሙሐሲን። «ከታች ያሉ ድሆች በዚያው ያጥባሉ፣ ያንኑ ይጠጣሉ። ልጆቻቸው ሆዳቸውን ይታመማሉ። ሽታውና ዝንቡም አያስቀምጣቸውም፤ ሠራተኞቹም ደረታቸው ይታፈናል። ይህ ጉዳት እንዴት ይቀንስ የሚለውን ነው የማጠናው።»

«ስትነካውስ?»

«በጓንት ነው። ከዚያም እርስዎ እንደሚያስቀሩት ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፤ አንዱን እጥበት በአፈር። አልጋዬ ሥር ፌስታል ሙሉ አፈር ያዩ ጓደኞቼ ድግምት መስሏቸው ነበር።»

የሼሁ ጺም ውስጥ ፈገግታ መሰል ነገር አለፈ። ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«እኛ ጋስ? ይሄ ውሃ እንዴት ነው?»

ሙሐሲን ወደ ውሃው አየ። ፈርሂያ ጀሪካኗን አስቀመጠች። እውነቱን ቢናገር አባቷን በደረሶቻቸው ፊት ማዋረድ ነው፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አይላክም። ቢዋሽ ደግሞ እሷ ራሷ አትፈልገውም። ሰረቅ አድርጎ አያት። እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በምልክት ተናገር አለችው።

«ያው ነው፣ ሸሆቼ። ከላይ ያለው በሬ ይሁን አሳማ፣ ለሚጠጣው ሰው ሆድ ለውጥ የለውም። ከእርስዎ ክምር የሚወርደው ደረሶችዎን እያሳመመ ነው።»

«ወላሂ ዕጣኑ ይሻለን ነበር!» አሉ ጋሽ አምባቸው ራሳቸውን ይዘው።

ማንም አልሳቀም። ሼሁ ክምሩን አዩት፤ ከዚያ እግሩን የሚታጠበውን ትንሹን ደረሳቸውን አዩት።

«ስንት ጊዜ ሆዱን እያመመው ቁርጠት ነው ስል» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ይበጃል?»

«ከምንጩ በታች ጉድጓድ ይቆፈርና ፍጉ ወደዚያ ይዛወር። ምንጩም ይታጠር። የምዝቀው እኔ ነኝ።»

«አይሆንም። የእኔን ፍግ ባዳ አይዝቅልኝም።»

አባቷ ወደ ፈርሂያ ዞሩ።

«አንቺ፣ ያ ጀሪካን እስከ መቼ ባዶውን ይቆማል? ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ ወይ?»

«ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር አሳየዋለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«አምባቸው!»

«አቤት!»

«በደህናው ጆሮህ ስማኝ። ሽማግሌዎቹን ሰብስበህ ሐሙስ ተመለስ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካሁን አስራለሁ። ቅዳሜ አማቼ አካፋውን ይዞ ይምጣ፤ ቅርጫቱን እኔ እይዝለታለሁ።»