የተዘለለችው መስመር

ሻምበል ስብሐት ሃያ ዓመት ሙሉ ወታደር ሲያዝዙ ኖረዋል፤ የገዛ እጃቸውን ግን ማዘዝ አልቻሉም። የሠላሳ ሰባተኛ እግረኛ ሻለቃን ታሪክ፣ ከምሥረታው እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ በአምስት ደብተር ሲጽፉ ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቁ ተረጋገጡ። ያንን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በመላው ጉለሌ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ቶማስ።

ስለዚህ ደብተሮቹ አዲሱ ገበያ ወዳለው የሚልካ በዳሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሲመጡ ብቻቸውን አልመጡም። ቶማስ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስለሚመጣ እጅጌው ላይ ጠመኔ አይጠፋም። መጽሐፉ ግንቦት ላይ ለሚደረገው የሻለቃው የቀድሞ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ መድረስ አለበት።

«ሻለቃው በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር በእግሩ ይጓዝ ነበር፤» ብሎ ያነባል ቶማስ።

«እዚህ ጋ አራት ነጥብ ላድርግ?»

«አባዬ አራት ነጥብ አያውቅም። ወታደሩ ሲደክመው አንቺ አሳርፊው።»

ሚልካ ትስቃለች። እሱም እንድትስቅ ብሎ የሚናገረው እየበዛ ሄደ።

ሥራውን በቅናሽ የተቀበለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ አሥር አለቃ በዳሳ የዚሁ ሻለቃ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ነገር ግን በየዓመቱ የስብሰባው ቀን ሲደርስ ጣራ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ሲጠግኑ ይውላሉ። ለምን እንደማይሄዱ ስትጠይቃቸው መልሳቸው የመዶሻ ድምፅ ነው። ምናልባት መጽሐፉ ይነግራት ይሆናል።

«የኔም አባት እዚያው ነበር፤» አለችው ለቶማስ ገና በመጀመሪያው ቀን።

«እንዴ! ታዲያ ዘመድ ነን በያ።»

«ኧረ ዘመድስ አንሁን!»

ቶማስ የዚህ ነገር ትርጉም የገባው ማታ ቤቱ ሲደርስ ነው።

ሁለተኛው ደብተር ሳያልቅ ሚልካ የሻምበሉን ጽሑፍ ለምዳ፣ ራሷ ታነበው ጀመር። ብትናገር ግን በርጩማው ባዶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ይህ ውሸት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ወዶ አያውቅም ማለት ነው።

አራተኛው ደብተር ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሻለቃው አፈግፍጎ ወንዝ እየተሻገረ ነበር።

«ውሃው እስከ ደረት ይደርስ ነበር፤» አነበበ ቶማስ። ጣቱ ገጹ ላይ ወደ ታች ወረደ። «በማግስቱም ጉዟችንን ቀጠልን...»

የሚልካ ጣቶች ቆሙ። «አንድ መስመር ዘለልክ።»

«አልዘለልኩም።»

«ቶማስ!»

«እ... ማለቴ፣ የማይረባ ነገር ነው። በቃ ቀጥዪ።»

ደብተሩን ከእጁ ወስዳ አንዴም ሳትደናቀፍ አነበበችው። «‹የሬዲዮ ኦፕሬተሩ አሥር አለቃ በዳሳ ሬዲዮውን ወንዝ ውስጥ ጥሎ በመሻገሩ ሻለቃው ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍለ ጦሩ ጋር ሳይገናኝ ቀረ።›»

ቶማስ በየትኛው እንደሚደነግጥ ጠፋው።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ደብተር።»

ሳምንታቱን በልቡ ቆጠረና ፊቱ መብራት ጀመረ። እሷ ግን ጊዜ አልሰጠችውም።

«እንዳትስቅ! አንተስ ይህን መስመር መቼ ነው ያየኸው?»

«ከወር በፊት። እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው፣ ሚልካ።»

«አባቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ጣራ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው ለካ! አንተ ስለዘለልከው ከሰዉ ልብ ይወጣል? ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት ነው። ከተዘለለ ግን አባቴ መልስ የሚሰጥበት ቀን አይመጣም።»

«እሺ፣ ምን ይሻላል?»

«ቅዳሜ እኔ አባቴን አመጣለሁ። አንተም ያንተን አምጣ።»

«አባዬ የጻፍኩትን አልሽርም ቢልስ?»

«ያኔ እንደተጻፈ ይታተማል። የምጽፈውም እኔ ነኝ።» እንዲያ ከሆነ ቶማስን በምን ዓይን እንደምታየው አታውቅም ነበር፤ የፈራችውም ይህንኑ ነው፤ ወዳዋለችና።

ማታ ቀጨኔ ያለው ቤታቸው ገብታ መስመሩን ለአባቷ ነገረቻቸው። አሥር አለቃ በዳሳ ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት?» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። ሻምበሉ ቀድመው ደርሰዋል። ሁለቱ ሰዎች በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት እየኖሩ ሠላሳ አምስት ዓመት አልተያዩም።

«አሥር አለቃ!» አሉ ሻምበሉ።

«አቤት ሻምበል!» የሚልካ አባት ሳያስቡት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሬዲዮውን ጥለሃል ወይስ አልጣልክም?»

«ጥያለሁ።»

ሚልካ ዓይኗን ጨፈነች።

«ባትሪው ካለቀ ግን ሁለት ቀኑ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አላሳወቅከኝም?»

«እርስዎ ያኔ ከፊተኛው ጦር ጋር ቀድመውን ሄደዋል፤ ወንዙንም ተሻግረዋል። በምን ላሳውቅዎ? በሬዲዮው?»

ቶማስ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወጥ ሠሪው ሙንዲር እግሩን ተመቶ፣» ብለው ቀጠሉ አሥር አለቃ በዳሳ፣ «እሱን ጓዶቹ ሲሸከሙት ትልቁ ድስት ስንዴው እንዳለበት ወንዙ ዳር ቀረ። እኔ ያለኝ አንድ ጀርባ ነው። የማይናገረውን ብረት ጥዬ የሚያበላውን ተሸከምኩ።»

ሻምበሉ ቀስ ብለው የቶማስ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ንፍሮ በልቻለሁ፤» አሉ። «ሁለቴ አስጨምሬያለሁ። ድስቱ በማን ጀርባ መጣ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? የተወራብኝን የሰማሁት ከተፈረደብኝ በኋላ ነው።»

የሻምበሉ ዓይን እንባ ሞላ። መሐረባቸውን ፈልገው አጡትና በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«ጻፊ ልጄ። ‹አሥር አለቃ በዳሳ የማይሠራውን ሬዲዮ ጥሎ የሻለቃውን ድስት በጀርባው አሻገረ። ሦስት ቀን በሕይወት ያቆየን የዚያ ድስት ንፍሮ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ፈርጄበት ነበር።›»

ሚልካ ጻፈች። ፊደሎቹ በእንባዋ ውስጥ ይዋኙባት ነበር።

«ክዳኑንም፤» አሉ አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክዳኑንም ይዣለሁ።»

«ክዳኑንም ጨምሪበት!» ብለው አዘዙ ሻምበሉ።

ግንቦት ላይ አሥር አለቃ በዳሳ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሲገቡ መጽሐፉ ቀድሞ የደረሰው አርባ ሽማግሌ ባንድ ድምፅ «ድስቱ መጣ! ድስቱ መጣ!» እያለ ተቀበላቸው። ሙንዲር በከዘራው እያነከሰ መጥቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። በዚያ ዓመት ቆርቆሮው ሳይጠገን ቀረ፤ ክረምት ላይም አፈሰሰ፤ ቤት ውስጥ ግድ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ ባለው ሰኞ ቶማስ እንደ ልማዱ ወደ ሱቁ መጣ። ደብተር አልቋል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣትና ጠመኔውን ከእጅጌው ማራገፍ ጀመረ፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶታል።

ራሱ የጻፈው ነው። የመምህር እጅ ስለሆነ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እንኳ ያነበዋል። ሚልካ ከላይ እስከ ታች አየችው። አጥፋ መለሰችለት።

«አይነበብም።»

«ምኑ?»

«የእጅ ጽሑፍህ ነዋ! ቁርጥ አባትህን።» ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። «አንተው አንብብልኝ።»

ቶማስ በርጩማውን ወደ እሷ ሳበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድም መስመር ሳይዘል አነበበላት።