አልጠፋ ያለው ቢጫ መብራት

መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ጋራዣችን ስታስገባ፣ ከሞተሩ ድምፅ ቀድሞ ጆሮዬ የገባው ሳቋ ነው።

«ወንድሜ፣ ይቺ አሮጊት የፊት ቀኝ እግሯን ሳያማት አይቀርም። ስትሄድ ታቃስታለች» አለችኝ።

አዋላጅ ነርስ ናት። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ስለነበር በአዲስ ቀየርኩላት። ስሠራ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታጫውተኝ ጀመር። መኪናው የሟች አባቷ እንደሆነ፣ እናቷም ሌላ መኪና ላይ ከምወጣ ሞቼ ልገኝ እንደሚሉ ነገረችኝ። እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ልቤ ግን ቀስ ብሎ ከሷ ጋር ቁጭ ብሏል።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል። ፍሬኑ ይይዛል፤ ድንገት ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ግን አይሠራም ማለት ነው። ኮምፒውተር ሰክቼ ሳየው የፊት ቀኝ ጎማ ሴንሰር ምልክት አይልክም። ሴንሰሩን ቀየርኩ። መብራቱ ጠፋ... ሰፈሯ ሳትደርስ መልሶ በራ። በሌላ ቀን ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ሶኬቱን አጸዳሁ። አሁንም ጠፋ፣ አሁንም በራ።

እውነቱን ልናገርና፣ በመጣች ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ፀጉሬን አበጥሬ ሥራ መግባት ጀመርኩ። የጋራዡ ባለቤት አጎቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሊዳር ነው እያለ ያበሽቀኛል።

በአራተኛው ጊዜ ግን ሳትስቅ መጣች። ትናንት በዝናብ እናቷን ይዛ ስትሄድ ፍሬን ብትይዝ ጎማው ተቆልፎ መኪናው ተንሸራቷል። ማንም አልተጎዳም፤ እናቷ ግን ወርደው ቀሪውን መንገድ በዝናቡ በእግራቸው ሄደዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «እንድመላለስልህ ብለህ ነው የማትሠራው?»

ክው አልኩ። አይደለም አልኳት፤ አላመነችኝም። ነገም መብራቱ ከበራ ሌላ ጋራዥ እንደምትወስደው፣ እኔንም ዳግመኛ ማየት እንደማትፈልግ ነግራኝ፣ ቁልፉን አስቀምጣ በእግሯ ሄደች።

ጎማውን ፈታሁ። ሁሉንም ነገር ፈትሻለሁ፤ የቀረኝ የገዛ ሥራዬ ብቻ ነው። ኩሽኔታውን አወጣሁት። አንዱ ጎኑ ማግኔት አለው፤ ሴንሰሩ የጎማውን ዙር የሚያነበው በዚያ ነው። ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር ሲገባው ገልብጬ አስገብቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቼ የጀማሪ ስህተት!

አጎቴ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አዲሱም ሴንሰር ብልሹ ነበር በላትና ዝም በል፣ ማን ያውቃል አለኝ። ፈተነኝ። እውነቱን ብነግራት ጥርጣሬዋን በራሴ አፍ ማጽናቴ ነው። ብዋሻት ደግሞ እናቷ በዝናብ በእግራቸው ሲሄዱ ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል።

በማግስቱ አዲስ ኩሽኔታ በትክክል ገጥሜ ጠበቅኳት፤ ስትመጣም እሷ እየነዳች አብረን ከተማውን ዞርን። መብራቱ አልበራም። ጥግ ይዛ አቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «የመጀመሪያ ቀን ኩሽኔታውን ገልብጬ ገጠምኩት። እጄ እየሠራ ዓይኔ አንቺ ጋ ነበር። ሆን ብዬ ግን አይደለም። እናትሽን አደጋ ላይ ጥዬ አንቺን ማየት አልፈልግም... አንቺን ማየት ግን እፈልጋለሁ።»

ሞተሩን አጠፋች።

«ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስህተቱን ከሚደብቅ ሰው ጋር ተረኛ ሆኜ አልገባም» አለችኝ። «አንተ ባትነግረኝ ማንም አያውቅም ነበር።»

«አጎቴ ያውቃል።»

ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ቁጣዋ ግን ገና እንዳልበረደላት፣ ይቅርታውንም ራሴ ሄጄ እናቷን እንድጠይቅ ነገረችኝ።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። የእናቷን ጉልበት ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ፤ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁም የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እስቲ ንዳን፣ ልጄ» አሉኝ።

ባላቸው ካረፉ ወዲህ መኪናው ላይ ሲወጡ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ለማንም ለቀው አያውቁም ነበር። የዚያን ቀን በሩን ራሳቸው ከፍተው ልጃቸውን ከጎኔ አስቀመጧትና ከኋላ ገቡ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፤ እማማ ዛሬም የሚቀመጡት ከኋላ ነው።