አንድ ገጽ ተኩል

«አንቺ ማልቀስ ብቻ ነው!» አለ ሉቃስ ስልኩን ከዱላ ጫፍ ላይ እያሰረ። «ምንም አትናገሪ።»

ትሕትና የተላጠ ሽንኩርት በመዳፏ ደብቃለች። የፎገራ ሽንኩርት ደግሞ ልመና አያሻውም፤ ገና ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው ዓይኗ ሞላ።

የትምህርት ቤታቸው የድራማ ክበብ፣ በሉቃስ መሪነት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ ቲያትር ከቤተ መጻሕፍት አግኝቶ ፊልም እያደረገው ነው። በቲያትሩ ውስጥ ደብረወርቅ የምትባል ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቋት በመጡ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ አንድ ገጽ ተኩል ትናገራለች። ደብረወርቅን ሆና የምትሠራው ትሕትና ያንን ንግግር ከእናቷ ጋር ሩዝ ስታርም፣ እግሯ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነው የሸመደደችው። እናቷ ሸዋዓለም መጀመሪያ ሳቀችባት። ኋላ ግን ማለዳ ማለዳ «ያቺ ልጅ ዛሬስ ምን አለች?» ማለት አመጣች።

«አባቶቼ፣ ስለ እኔ ስትነጋገሩ እኔ እዚሁ ነበርኩ» ትላለች ትሕትና።

«ድገሚያት እስቲ» ትላለች እናቷ አረሙን እየነቀለች። «እኔንማ ማን ጠየቀኝ!»

ሉቃስ ታዲያ ቲያትሩን ለፊልም ሲያሳጥር አንድ ገጽ ተኩሉን ጨርሶ አወጣው። በእሱ ፊልም የደብረወርቅ ወንድም ይመልስላታል፤ እሷ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

«ፊልም እኮ ነው፣ ትሕቱ» ነበር ያላት። «ሰው ንግግር ይሰለቸዋል። ሴት ስታለቅስ ግን ሁሉም አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። ካልተመቸሽ መባ ትሠራዋለች።»

ሌላዋ የክበቡ ልጅ መባ ቦታዋን እንዳትወስድባት ፈርታ «ችግር የለም» አለች። ችግርማ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እናቷን ቀና ብላ ማየት አፍራለች።

ሽማግሌ ሆነው እንዲሠሩ የተለመኑት የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ የባረኩት ቄስ፣ አባ ገብረማርያም ናቸው። ለሠርክ ጸሎት ስለሚሄዱ ቀረጻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የስልኩም ባትሪ ሊያልቅ ተቃርቧል።

«ጀምሩ!» አለ ሉቃስ።

አባ ገብረማርያም ልጅቱን ለጋብቻ ጠየቁ። ወንድሟን ሆኖ የሚሠራው ኪዳነ ማርያም ብድግ ብሎ «እህቴ አትፈልግም!» ሲል ጮኸ።

በዚህ ጊዜ አባ ገብረማርያም አንገታቸውን ደፍተው መውጣት ነበረባቸው። ከመደቡ ንቅንቅ አላሉም። ፊልም መሆኑን ረስተውት ይሁን የሠላሳ ዓመት ልማድ ይዟቸው፣ እንጃ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ልጅቱ አፍ የላትም?» አሉት። ከዚያ ወደ ትሕትና ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ከራሷ ከልጅቱ አፍ ሳልሰማ አጋብቼ አላውቅም። ፈቃድሽ ነው ወይስ አይደለም?»

ሉቃስ ከስልኩ ጀርባ ሆኖ በጣቱ ጉንጩን እየነካ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» ይላታል።

ከተናገረች ሉቃስ ይቀየማታል፤ በሚቀጥለውም ፊልም ቦታዋን ለመባ ይሰጥ ይሆናል። ካለቀሰች ደግሞ ነገ ማሳው ላይ እናቷ «ያቺ ልጅ ምን አለች?» ስትላት ምን ልትመልስ ነው? አባ ገብረማርያም መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቋታል።

ሽንኩርቱን መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ብድግ አለች።

«ትንሽ ረዘም ይላል፣ አባ፤ ይታገሡኝ።»

ከዚያም ጀመረች። «አባቶቼ፣ ስለ እኔ ስትነጋገሩ እኔ እዚሁ ነበርኩ።»