የሰማያዊው ዓሣ ምድጃዎች

«የጳጳሱ ክፍል» የሚሉት የእንግዳ ክፍል በር ሲሰበር መጀመሪያ የገባችው ኦቲሊየ ነበረች። አቶ ቪንዘንስ ዛይድል በጀርባው ተንጋሎ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ጉንጮቹ እንደ በሰለ እንጆሪ ቀልተዋል። በሕይወት ሳለ ገርጣ ያለ ሰው ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ከመቼውም ይልቅ ጤነኛ መስሎ ታያት። ያስፈራትም ይኸው ነው። «ደህና አደሩ?» ልትለው ቀርባ እጁን ብትነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። መስኮቱም ተዘግቷል፤ በድርብ መስታወቶቹ መካከል ነፋስ እንዳይገባ የሚጋደመው ረጅም ትራስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከራስጌው ያለው አረንጓዴ የሸክላ ምድጃ ገና ለብ እንዳለ ነው። ማታ የለኮሰችው ራሷ ኦቲሊየ ናት።

«ጢስ አፍኖት ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው ኮርቢንያን፣ የወንድሟ ልጅ። ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። «አክስቴ፣ አትንኪው። ነይ እንውጣ።»

«ገደልኩት?»

«ዝም በይ። ለማንም ምንም አትናገሪ።»

ኦቲሊየ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች። ሰማያዊው ዓሣ ከአባቶቿ የወረሰችው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው፤ በግራዝ አሮጌው ከተማ፣ ከሙር ወንዝ ዳር፣ ድፍን አራት መቶ ዓመት እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። አቶ ዛይድል ደግሞ መንገደኞች በየከተማው የት እንደሚያድሩ የሚጠቁም መጽሐፍ በየዓመቱ ያሳትማል፤ ከአንድ ከተማ የሚመርጠው አንድ ጥንታዊ ቤት ብቻ ነው። ማታ በራት ላይ የእሷን ቤት መረጠ። ጠዋት ሬሳ ሆኖ አገኘችው። በቸልተኝነት ሰው ገደለች ተብላ ወህኒ ልትወርድ፣ ቤቷም ሊዘጋ እንደሚችል ለመረዳት የሕግ አዋቂ መሆን አላስፈለጋትም።

*

መርማሪ ላክነር አፍንጫዋ በብርድ የቀላ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ገብታ ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ከውጪው ይልቅ እዚህ ውስጥ ይበርዳል እኮ!»

«ዛሬ እሳት ለመለኮስ ማን ይደፍራል፣ ወይዘሮ መርማሪ?» አለች ኦቲሊየ።

«እውነትዎን ነው። እንግዲያው እየተንቀጠቀጥን እንሠራለን። ቤቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ከጎኔ አይለዩ።»

ላክነር ከሬሳው ይልቅ መተላለፊያው ላይ ብዙ ቆየች። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትንንሽ የብረት በሮች አሉ። በዱሮ ጊዜ እሳት አንዳጁ እንግዳ ሳይረብሽ ከውጪ ሆኖ እንጨት የሚጨምርባቸው ናቸው፤ ኦቲሊየም እስከ ዛሬ የምትለኩሰው በእነሱ በኩል ነው። መርማሪዋ እያንዳንዷን በር ከፈተች፣ እጇን አስገባች፣ አሸተተች፣ ዘጋች። በሁሉም ውስጥ የቀረው ነጭ አመድ ነው። ከጳጳሱ ክፍል በታች ባለው በኮርቢንያን ክፍል ምድጃ ፊት ግን ተንበርክካ ቆየች። ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ክፍሉን አስከፍታ ገባች፤ ከአልጋው አጠገብ ያለውን የውኃ ብርጭቆ አንስታ ዙሪያውን አይታ መለሰችው።

ይህች ሴት የእጄን ዱካ ከአመዱ ላይ እየለቀመች ነው፣ ብላ አሰበች ኦቲሊየ።

«ማታ ሁሉንም ለኮሱ?» አለች ላክነር።

«ሁሉንም። የሦስቱ ነገሥታት፣ የሰብአ ሰገል በዓል ዋዜማ ነበር። በዚያች ሌሊት በቤታችን አንድም ምድጃ ቀዝቅዞ አያድርም። ከራት በኋላ ፍም በድስት ይዘን ክፍል ለክፍል እንዞራለን፤ ለፍልሰታ የተባረከውን ቅጠል እናጤስበታለን፣ እንጸልያለን። ጣሪያው ሥር እስካለው ቆጥ ድረስ።»

«ጣሪያው ሥር ማን ማን ወጣ?»

«አምስታችንም። አቶ ዛይድል፣ ፎቶ አንሺዋ ኢልዘ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ኮርቢንያንና እኔ። እኔና አቶ ዛይድል ቀድመን ወረድን፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደግፌው ነበር።»

*

ወይዘሮ ሄድቪግ በአደባባዩ ላይ ያለው የነጩ በግ ሆቴል ባለቤት ናት፤ ሁለቱ ሴቶች አርባ ዓመት ሙሉ ሲፎካከሩ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አብረው ሲያስቀድሱ ኖረዋል። ፀጉራም ባርኔጣዋን እንደደፋች ተቀመጠች።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው አይደል? ጠርጥሪ! ግን አስቢበት እንጂ፤ እኔ ብሆን ከመምረጡ በፊት ነበር የምገድለው። ከመረጠ በኋላ ሬሳው ምን ይሠራልኛል?»

«ጣሪያው ሥር ወደ ኋላ ቀርተው ነበር ተብያለሁ።»

«ተናድጄ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበራ! የኔ ቤት አሳንሰር አለው፣ መታጠቢያው እብነ በረድ ነው። የእሷ ደረጃ ሲረግጡት እንደ አሳማ ይጮሃል። እሱ ግን ‹ደስ ይላል› አለ። ደስ ይላል! ስረጋጋ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ከዚያ ወደ ኦቲሊየ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ቁርስ ቀምሰሻል?»

ኢልዘ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «አሥር ዓመት ፎቶ አንስቼለታለሁ፤ መጽሐፉ ላይ ስሜን አንድ ቀን አልጻፈውም። ስለዚህ ጠልቼዋለሁ። ሻንጣውን የምሸከምለት ግን እኔ ነበርኩ። ጻፊው፣ ሁለቱንም ጻፊው።»

«ማታ ምን ብሎ ነበር የመረጠው?»

«‹ዕቃ የያዘ መንገደኛ በእግሩ የሚደርስበት፣ የካቴድራሉን ደወል አልጋው ላይ ሆኖ የሚሰማበት፣ ባለቤቷም እዚያው የምትኖርበት ቤት ነው› አለ። ‹ዕድሜውን የሚያስጎበኝ ቤት ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ዕድሜውን የሚኖረውን ነው።›» ኢልዘ አፍንጫዋን ጠረገች። «ጣሪያው ሥር መብራቴን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ያን ጊዜ ኮርቢንያን ቁልፍ ይዞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እኔ ወረድኩ፣ እሱ ቆለፈ።»

ኮርቢንያን ለመርማሪዋ ወንበር ሳበላት፤ ለአክስቱም ብርድ ልብስ ደረበላት። ያደገው ሃምቡርግ፣ እናቱ ዘንድ ነው፤ የሆቴል ሥራ ተምሮ ወደ አክስቱ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው።

«አክስቴን መክሰስ አልፈልግም» አለ። «ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። እነዚህ ምድጃዎች መነካት አልነበረባቸውም። ስንት ጊዜ ነገርኳት! ማታ ሁሉንም ለኮሰች።»

«የእርስዎንም?»

«የኔንም። እስኪነጋ ሲነድ አደረ፤ እንደ ድመት ተጠቅልዬ ነው የተኛሁት። በእሱ የደረሰው በኔም ሊደርስ ይችል ነበር።»

«በእርግጥ ይችል ነበር» አለች ላክነር፤ ካፖርቷንም ወደ አንገቷ ሰበሰበች።

*

ጣሪያው ሥር ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ላክነር የጭስ ማውጫውን የመጥረጊያ በር ከፍታ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች፤ ጥላሸት የጠጣ የወፍ ጎጆ ስባ አወጣች።

«ቁራ ነው» አለ አብሯት የወጣው ፖሊስ። «አደጋ ነው በቃ።»

«ይህ ጭስ ማውጫ የስንት ክፍል ነው፣ ወይዘሮ ኦቲሊየ?»

«የሁለት። የጳጳሱና ከሥሩ ያለው።»

መርማሪዋ ጎጆውን ወደ ብርሃን አቀረበችው። በዚያች ቅጽበት ኦቲሊየ በጭራሮዎቹ መካከል ቀይ የሱፍ ክር አየች። ክሩን ታውቀዋለች። ለፍልሰታ የቀጠጢናውን ረጅም አገዳ መሃል አድርጋ፣ አሪቲውን ዙሪያውን ደርድራ፣ በዚያ ክር ያሰረችው እሷ ናት። ከተባረከ በኋላ እዚሁ ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ሰቅላው ነበር። ቀና ብላ አየች፤ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል።

«የሚያውቁት ነገር አለ?» አለች ላክነር።

«የለም» አለች ኦቲሊየ። ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ዋሸ።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ቁራ ክር አያስርም። እንግዲያው ሰውየውን የገደለው ሰው ነው፤ በእሷ ቅጠል፣ በእሷ እሳት። የእኔ ነው ብትል ራሷን አሳልፋ መስጠቷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ገዳዩ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ከእሷ ጋር ሾርባ እየጠጣ ይቀመጣል። በሩ ሲከፈት ሳታስበው ቢላዋ አነሳች።

ኮርቢንያን ነበር። «አክስቴ! ምን ሆነሻል?» ቢላዋውን በቀስታ ከእጇ ወሰደ። «ስሚኝ። ቁራ ነው በያቸው። አደጋ ከሆነ ብዙም አይጨክኑብሽም። ቤቱን ትሸጫለሽ፣ ትገላገያለሽ። ቀድሞ ቤቱን የጠየቁን ገዢዎች አሁንም ይፈልጉታል፤ ጠዋት ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

«ጠዋት?» አለች። «ሬሳው ሳይነሳ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ» አለ። እጇን ሲይዛት እጁ ሞቃት ነበር፤ እሷ ግን እስከ አጥንቷ በረዳት። ሲወጣ ግድግዳው ላይ ወዳለው መስቀል ዞረች። ጌታ ሆይ፣ መፍራቱን ልፍራ፤ አፌን ግን አትዝጋው።

*

ላክነር ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበች። ሁሉም ካፖርት ለብሰዋል፤ ሲናገሩ ትንፋሻቸው ይታያል። ጎጆው ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች። «ቁራ ጎጆውን የሚሠራው በጸደይ ነው። ይህን ጭስ ማውጫ ደግሞ ጠራጊው በመኸር እንደጠረገው በስልክ ነግሮኛል። አሁን ጥር ነው። እንግዲህ ጎጆው ከመኸር ወዲህ የገባ ነው፤ በመኸርና በክረምት ደግሞ ወፍ ቤት አይሠራም። ክርም አለበት…»

«ክሩ የኔ ነው» አለች ኦቲሊየ።

ሁሉም ዞሩ። ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች።

«ቅድም ዋሽቼዎታለሁ፣ ወይዘሮ መርማሪ። ፈርቼ ነው። ለፍልሰታ ያስባረክሁት ቅጠል ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እዚያ የከተትኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

«አክስቴ!» አለ ኮርቢንያን። «ምን እያልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ያውቃሉ» አለች ላክነር። «እኔም ይህን ስጠብቅ ነበር። ነፍሰ ገዳይ፣ ሰው ሁሉ አደጋ ነው እያለለት፣ ቀጥ ብሎ ተነስቶ ‹ክሩ የኔ ነው› አይልም።»

«የተባረከ ቅጠል ለዚህ!» ሄድቪግ አማተበች። «የዚህ አገር ሰው እጁ ይቆረጣል እንጂ አይነካውም።»

«ግቢው በበረዶ ተሸፍኗል፤ ገዳዩ ጭራሮ ፈለገ፣ ጣሪያው ሥር ደረቅ አገዳ ተሰቅሎ አገኘና የወፍ ጎጆ አስመስሎ ጠቀጠቀው። ምን እንደሆነ አላወቀም፣ ወይም ግድ አልሰጠውም። ግን እምነትን ማስረጃ አላደርግም። ማስረጃው ምድጃው ነው።» ላክነር እጆቿን አፋተገች። «በዚህ ጭስ ማውጫ ላይ ሁለት ክፍሎች አሉ። ወይዘሮ ኦቲሊየ ሁለቱንም ለኮሱ። ከላይ ከተደፈነ ሁለቱም ክፍሎች መርዝ ይሞላሉ። ሌላ ሰው ደፍኖት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናነሳው ሁለት ሬሳ ነበር። አቶ ኮርቢንያን፣ እስኪነጋ ሲነድልኝ አደረ ብለውኛል። እውነትዎን ከሆነ እንዴት በሕይወት አሉ?»

«…ሞቆኝ አጠፋሁት» አለ ኮርቢንያን። «ረስቼው ነው።»

«ሞቆዎት? በሌሎቹ ምድጃዎች ያለው ነጭ አመድ ነው። በእርስዎ ያለው ግን ሳይነድ የጠቆረ እንጨት፣ ሥሩም እንደ ሊጥ የቦካ አመድ ነው፤ ውኃ አፍስሰውበታል። ከዚያም አላመኑም፤ መስኮቱን ከፍተው ተኙ። አልጋዎ አጠገብ ያለው ብርጭቆ ውኃው በረዶ ሆኖ ሰንጥቆታል። እንደ ድመት ተጠቅልለው ያደሩበት ክፍል ነው እንግዲህ። ያን ምድጃ ማጥፋት ያለበት፣ ጭስ ማውጫው መደፈኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ኢልዘ ከአጠገቡ ተነስታ ራቅ አለች።

ኦቲሊየ ወደ ኮርቢንያን ዞረች። «ምን አደረገህ? ኧረ ምን አደረገህ ሰውየው?»

«እሱን ማን ፈለገው!» ኮርቢንያን ጮኸ። «እንዲያስለው፣ እንዲያመው፣ ‹እሳታቸው አደገኛ ነው› ብሎ ጥሎ እንዲሄድ ነበር። ቤቱ በዚያ መጽሐፍ ከወጣ እስክትሞቺ አትሸጪውም! መስኮት ይከፍታል ብዬ ነበር…»

«በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቶ የተኛኸው አንተ ብቻ ነህ» አለች ኦቲሊየ።

ሲወስዱት ደረጃው ከእግሩ ሥር ጮኸ። ሄድቪግ ያን ቀን ስለ ደረጃው አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ኦቲሊየን ደግፋ አስቀመጠቻት።

ፖሊሶቹ ሄዱ፤ ላክነር ግን አዳራሹ ውስጥ ካለው ቡናማ ምድጃ አጠገብ ወንበር ስባ ቀረች። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ወይዘሮ ኦቲሊየ፣ እኔ በርዶኛል። ቢለኩሱልኝስ?»

«አልችልም።» እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። «ከእንግዲህ በእጄ እሳት… አልችልም፣ ወይዘሮ መርማሪ።»

«እዚሁ ነው የምቀመጠው» አለች ላክነር። «መስኮቱም ይዘጋ።»

ኦቲሊየ ወደ መተላለፊያው ወጣች። የብረቱን በር ከፈተች፣ እንጨት ደረደረች። የመጀመሪያው ክብሪት በእጇ ላይ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው እሳቱ ያዘ። ጢሱ ወደ ላይ ሲሳብ እስክትሰማ ድረስ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ እየሮጠች ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ላክነር ካፖርቷን አውልቃ፣ ጀርባዋን ሸክላው ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ኦቲሊየ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። የመርማሪዋ ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ እንደገና ከፍ አለ።