ትንሽ ልቀመጥ፣ ወዲያው እሄዳለሁ

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ የትም አንብቤውም አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ከሚወጡት ታሪኮች አንድም አያመልጠኝም። አብዛኛው የሚሆነው በእኩለ ሌሊት ነው፤ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ...

የእኔ እንደዚያ አይደለም። ሐሙስ ቀን ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብዬ ራሴን እሸነግል ነበር።

ሥራዬ ሜካፕ ነው። የሙሽራ አይደለም፣ የፊልም። ቁስል እሠራለሁ፣ ሽበት እቀባለሁ፣ ወጣቱን አስረጃለሁ። ከሁሉም አብልጬ የሠራሁት ደግሞ የታላቅ ወንድሜን ፊት ነው። ጋሼ ነው የምለው።

ጋሼ ተዋናይ ነው። ፊቱን ብታዩት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን ግን አንዳችሁም አትነግሩኝም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። ዳኛ ሆኗል፣ ሰካራም ሆኗል፣ ጄኔራል፣ መቃብር ቆፋሪ፣ የሙሽራ አባት፣ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚሞት ሐኪም... ያልሆነው የለም። አንድ ዳይሬክተር "የወንድምሽ ፊት ሊጥ ነው፤ እንዳሻሽ ትጋግሪዋለሽ" ብሎኛል።

መንገድ ላይ "ዳኛው!" ይሉታል። "አንተ ሰካራም!" ብለው ያቅፉታል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም በድራማው ሚስቱን ስለበደለ ታክሲ ውስጥ በጃንጥላ ደህና አድርጋ አቅምሳዋለች። እሱ ይስቃል።

አንድ ቀን ግን እንዲህ አለኝ።

"ይኸውልሽ፣ የስንቱን ሰው ልብስ ለብሼ አወለቅሁ። የምፈራው አንዱን ቀን ማውለቁን እንዳልረሳው ነው።"

ልማዳችንን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

የአንድ ሥራ ቀረጻ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሜካፑን ጠርጌ እስክጨርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ይጠይቀኛል።

"ማን ነኝ?"

እኔም እናታችን ያወጣችለትን የልጅነት ስም እመልስለታለሁ።

"ድምቡሼ ነህ።"

ስድሳ የተጠጋው፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰው... ድምቡሼ! ሁሌም ይስቃል። እየሳቀ ዓይኑን ይገልጣል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደልንም።

ካንዷ ቀን በቀር።

ባለፈው ዓመት በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ "እንግዳው" የሚባል ሰው ሆኖ ይጫወት ነበር። እንግዳው ጨዋ ነው። የሰው ቤት በአንድ ጣት ሁለቴ ያንኳኳል። "ትንሽ ልቀመጥ፣ ወዲያው እሄዳለሁ" ይላል። በሩ አጠገብ ወንበር ይስብና ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እጁ የገባውን ጨርቅ ሁሉ በአራት ያጥፋል።

አይጮህም። አይሰርቅም። ማንንም አይነካም።

ዝም ብሎ... አይሄድም። በመጨረሻ ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡት የቤቱ ባለቤቶች ናቸው።

እኔ በየጠዋቱ ከግራ ጆሮው ሥር በሰምና በሙጫ ጠባሳ እሠራለት ነበር።

ደራሲው እንግዳው እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ክፍል ገና አልጻፈውም። ሳይጽፈውም ድራማው ተቋረጠ። ሰኞ ከሰዓት ፕሮዲውሰሩ መጣና "በቃ፣ ዕቃ ሰብስቡ" አለን። ሁሉም ተተራመሰ። የአልባሳት ኃላፊዋ ኮቱን ከላዩ ላይ ትጎትታለች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ጠባሳውን ላጥሁት። ፊቱን በጥድፊያ ጠረግሁት።

"ማን ነኝ?" አለ ጋሼ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ቸኩያለሁ። ደግሞም ቀልድ አማረኝ።

"እንግዳው ነሃ!" አልሁት። "ተነስ አሁን፣ ጥለውን ሊሄዱ ነው!"

አልሳቀም።

ዓይኑን ቀስ ብሎ ገለጠ። እጄ ላይ የነበረውን ፎጣ ተቀበለኝ።

በአራት አጠፈው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ" ብሎኝ ወጣ።

እየቀለደ ነው ብዬ ሳቅሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ... ሳቅሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

"ነይልኝ።"

"ምን ሆናችሁ፣ እትዬ?"

"ወንድምሽ... ሰኞ ማታ ቤቱን አንኳኩቶ ነው የገባው።"

"ቁልፍ ጠፍቶበት ይሆናላ።"

"ቁልፉማ ኪሱ ውስጥ ነው!" አለች። "አንቱ ይለኛል።"

"ምን?"

"አንቱ! ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ... 'እርስዎንም አስቸገርኩ' ይለኛል። መጀመሪያ የለመደው ቀልዱ መስሎኝ ስቄ ነበር። አልጋ ላይ አይተኛም። ጫማውን አያወልቅም። በሩ ጋ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ብላ ስለው 'ወዲያው እሄዳለሁ' ይላል።"

"እሺ... አይዞሽ።"

"እኔን ያስፈራኝ እሱ እንኳ አይደለም" አለች፤ አሁን ጨርሶ አንሾካሾከች። "ቅድም ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስከት ነው ራሴን ያገኘሁት። ለምን እንደምከት አላውቅም።"

ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ።

"እትዬ፣ እንዳትወጪ! በምትወጂው ይዤሻለሁ፣ ከቤትሽ እንዳትወጪ። መጣሁ።"

አራት ሰዓት ላይ የሥራ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ደረስሁ።

ጋሼ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነው። ፊቱ የወንድሜ ነው፤ አቀማመጡ ግን የእሱ አይደለም። ጋሼ ሲቀመጥ እግሩን ዘርግቶ መንገድ ይዘጋል፤ እናታችን ሁሌ ትቆጣው ነበር። ይሄኛው ጉልበቶቹን ግጥም አድርጎ ነው የተቀመጠው።

ከግራ ጆሮው ሥር ጠባሳው አለ።

በገዛ እጄ የላጥሁት ጠባሳ። ሰሙ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው።

በጥፍሬ ነካሁት። ሰም አይደለም። ቆዳ ነው። ይሞቃል።

"ይቅርታ እመቤቴ" አለኝ። "ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

"ይ... ይቀመጡ" አልሁት። የእናቴን ልጅ አንቱ አልሁት። "ግን እዚህ ጨለም ይላል። መስታወቱ ጋ ቢመጡ ይሻላል።"

እንግዳው ጨዋ ነው፤ እምቢ አይልም። ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ።

የተበላሸ ሜካፕ የሚታረመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው እንደገና በመሥራት። ሌላ የማውቀው መላ አልነበረኝም። ስለዚህ እንግዳውን እንደገና ሠራሁት። ቀለሙን ቀባሁ። ከዓይኑ ሥር ጥላ አደረግሁ። በጠባሳው ላይ የሰም ጠባሳ ለጠፍሁ። እሱ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል፤ ዓይኑን አንዴም አላርገበገበም።

ከኋላዬ የበሩ እጀታ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

"እትዬ፣ እጅሽን ከበሩ ላይ አንሺ።"

"አልነካሁትም እኮ" አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። በአንድ እጇ ሻንጣዋን ይዛለች። በሌላው የበሩን እጀታ ጨብጣለች። እንባዋ ይወርዳል።

"እጄ እምቢ አለኝ" አለች በሹክሹክታ። "ቶሎ በይ..."

መጥረግ ጀመርሁ። ግንባሩን። ጉንጩን። አገጩን። ጥጡ ጠቆረ። ሌላ ጥጥ... እሱም ጠቆረ። ከቀባሁት በላይ ቀለም ይወጣል። ዐሥር ጥጥ ጨረስሁ። ሃያ። በመጨረሻ ጥፍሬን ጠባሳው ሥር አስገብቼ ሳብሁት።

ተላጠ። ከሥሩ ምንም የለም፤ ንጹሕ ቆዳ ነው።

ዓይኑን ጨፈነ።

ጠበቅሁ። መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

አልጠየቀም።

"ጋሼ..." አልሁ። "በናትህ..."

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

"ማን... ነኝ?"

"ድምቡሼ ነህ!" ብዬ ጮኽሁ። "ድምቡሼ! የእናታችን ድምቡሼ፣ የእኔ ጋሼ!"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

እየሳቀ ነው። ዓይኑን ገለጠ።

"ምን ሆነሻል አንቺ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ይቺ ሻንጣ ደግሞ የማን ናት? ይልቅ የሚበላ ነገር አምጡ፣ ሞቼላችኋለሁ!"

ሚስቱ ሻንጣውን ለቀቀችው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እየተደጋገፉ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ጋሼ ሲቀልድ፣ እሷ ስትስቅ ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥጡን መሰብሰብ ጀመርሁ።

ወንበሩን አየሁት። ጋሼ ከተነሳ ቆይቷል። የመቀመጫው ስፖንጅ ግን አሁንም እንደጎደጎደ ነው። አንድ ሰው የተቀመጠበት ይመስላል።

"እኔስ?"

ዝቅ ያለ፣ ትሑት ድምፅ ነበር። ከወንበሩ ነው የመጣው።

ማድ ቤት ውስጥ መሳቃቸውን አላቆሙም።

"እኔስ፣ እመቤቴ... ማን ነኝ?"

አልመለስሁለትም። ሳጥኔን አንስቼ ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ጋሼ ደህና ነው። አሁን በአዲስ ድራማ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ እየተጫወተ ነው። ሚስቱ ያን ወንበር አውጥታ ጣለችው። እነሱ ያችን ሳምንት እንደ ሕመም ቆጥረው ረስተዋታል። ያን ድምፅ መስማቴን ለማንም አልነገርሁም። በስሙ ጠርቼ የጋበዝሁት እኔ ነኝ፤ ለማን ብዬ ልናገር?

ዛሬ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ሥራ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ነበሩ። የደረቀ ልብስ ላስገባ ጓሮ ወጥቼ ስመለስ... በራችን አጠገብ አንድ ወንበር ተስቦ አገኘሁ።

ላዩ ላይ የልጄ ፎጣ ነበር። በአራት ታጥፎ።

ይህን የምጽፍላችሁ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ሻንጣዬ አጠገቤ ነው።

ልብሴን መቼ እንደከተትሁበት አላውቅም።