የጋሽ ሚሊ የመጨረሻ ልኬት

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚሊ ነበር የሚለው። ቤቱ ውስጥ ፎቶ ሲሰቀል፣ ወንበር ሲጠጋ፣ መጋረጃ ሲዘረጋ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «አንድ ሚሊ ወደ ግራ» ሳይል አያልፍም። ሚስቱ «እኔንስ ስታገባኝ ስንት ሚሊ ዘንበል ብዬ ነበር?» ስትለው «ዘንበል ብዬ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያቃናሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ያስቃታል። አባት፣ እናትና አንዲት ልጅ ብቻ የሚኖሩበት፣ ግን ጨዋታ የማይነጥፍበት ቤት ነበር... ምነው ሳቅ እንደ ሌላው ነገር ባያልቅ!

ጋሽ ሚሊ የቆዳ ሕክምና የሌዘር መሣሪያዎችን ይጠግናል። ሐኪም በእጁ የሚይዘው የመሣሪያው ራስ ውስጥ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ሁለት መስታወቶች አሉ፤ አንዱ ጨረሩን ግራና ቀኝ፣ ሌላው ላይና ታች ይወረውረዋል። ጨረሩ ጠባሳው ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን በሰልፍ እየበሳ ይሄዳል፤ በነጥቦቹ መካከል የተረፈው ጤነኛ ቆዳ የተበሳውን መልሶ ያድናል። መስታወቱ ትንሽ ከተዛነፈ ግን ነጥብ በነጥብ ላይ ይደረብና ያድናል የተባለው ራሱ ያቃጥላል። ያን ሰልፍ ማስተካከል ነበር የጋሽ ሚሊ እንጀራ። ከቤቱ ሥር ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ የምትረዳውም ልጁ ነበረች።

ልጅቷ በሕፃንነቷ የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ግራ ጉንጯ እስከ አንገቷ ድረስ ተጨማዶ ቀርቷል። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ በግራዋ በኩል ካልሆነ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ ትሄዳለች። ሰው ሲያናግራት ቀኝ ጎኗን ሰጥታ ነው የምትመልሰው። ይህንን የማያይ አባት ይኖራል? የክሊኒኩ ሐኪም የተበላሸውን መሣሪያ ያመጣች ቀን «ይሄ ከተስተካከለ መጀመሪያ የምትታከመው ልጅህ ናት» ብላ ቃል ገባችለት። ጋሽ ሚሊ ሲለካ የሚጨፍነው ያ አንድ ዓይኑ በዓይን ግፊት በሽታ ከታወረ ቆይቷል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልመናው አንድ ሆነ፤ በቀረችኝ ዓይን የልጄን ጉንጭ ለስልሶ ልየው አለ።

የዚህ መሣሪያ ጨረር በዓይን አይታይም። የት እንደሚያርፍ እንዲታወቅ ደካማ ቀይ ብርሃን በዚያው መንገድ አብሮት ይላካል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሰልፉ አራት ማዕዘኖች ሦስቱ ተስተካክለው አራተኛው እምቢ ብሏል፤ ሐኪሟም በማግስቱ ጠዋት ልትወስደው ነው። አባት ከመሣሪያው ራስ ሥር አጎንብሷል። ልጅ ለሙከራ ከሥሩ በተነጠፈው ወረቀት ላይ ያረፈውን ቀይ ነጥብ አፍጥጣ ትጠብቃለች። የአባት መከላከያ መነጽር በላቡ ጭጋግ ለበሰ።

«ጠፍቷል?» አለ።

«ጠፍቷል» አለች።

እሱ የጠየቀው መሣሪያውን ነበር፤ ተዘግቷል ወይ ማለቱ ነው። እሷ የመለሰችው ስለ ቀዩ ነጥብ ነበር፤ የቀዩ ብርሃን ሽቦ ላልቶ በዚያችው ቅጽበት ከወረቀቱ ላይ ተሰውሮባታልና። አንዲት ቃል! ስንት ዘመን ሲለዋወጧት አሳስታቸው የማታውቅ ቃል... ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሳታል? አባት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ልደገፍ ሲል እግሩ ወለሉ ላይ የነበረውን፣ ጨረሩን የሚለቀውን መርገጫ ረገጠ። ብልጭታም ድምፅም አልነበረም። «እህ» ብቻ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የብሌኑ መሸፈኛ ተቃጥሎ ነጭ ሆኗል፤ ወደፊት ቢተካ ምናልባት፣ አሁን ግን አያይም ተባለ። ልጅቷ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከእናቷ እግር ሥር ተደፋች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጠፍቷል ብዬው ነው መነጽሩን ያወለቀው።»

እናት ገና አፏን ሳትከፍት ከክፍሉ ውስጥ የአባት ድምፅ መጣ። «አትስሚያት። እኔ መች ጠየቅኳት? የራሴ ችኮላ ነው።»

«ዕድሜህን ሙሉ ለአንዲት ሚሊ ስትጨነቅ ኖረህ ለዓይንህ ሲሆን ቸኮልክ?» ብላ እናት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ልጅቷ ግን ቢቆጣት፣ ቢረግማት በወደደች! ቅጣት ያላገኘ ጥፋት የት ይቀመጣል? ደረት ውስጥ ተቀምጦ ሌሊቱንም ቀኑንም ይቆጠቁጣል እንጂ።

አራተኛው ማዕዘን እንደተዛነፈ አልቀረም። ዓይነ ስውሩ አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ በቃሉ እየመራ፣ ልጅቷ በእጇ እየሠራች አቃኑት። «አሁንስ?» ይላል። «ትንሽ ወደ ውጭ ወጥቷል» ትላለች። «ብሎኗን ፀጉር ታህል አዙሪያት፤ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ እኔ አለሁ።» መሣሪያው ክሊኒክ ገባ፤ የሰው ልጆችም ዳኑበት። እሷ ግን ሐኪሟ ብትጠራት፣ እናቷ ብትለምናት አሻፈረኝ አለች። እሱ ዓይኑን አጥቶ እኔ ፊቴን ላሳምር? ትላለች።

መከራ ደግሞ ተያይዞ ነው የሚመጣው። አባት ስንት ዘመን የተመላለሰበት ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ አልጋ ላይ እንደዋለ ሳንባው ታመመ። ትንፋሹ እያጠረ ሲመጣ ልጁን አስጠራት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«እዘዘኝ እንጂ አባዬ።»

«ሄደሽ ታከሚ። ዓይኔን በከንቱ ነው የሰጠሁት አታሰኚኝ።»

ሄደች። በሕክምናው አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ በገዛ እጇ ያቃናቻቸው መስታወቶች ከጉንጯ በላይ ሲያፏጩ ሰማች። ነጥቦቹ በሰልፍ ወረዱባት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሲያበቃ ሐኪሟ «ቁስል ነውና ማንም እንዳይነካው» አለቻት። «ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ መደጋገምም ይፈልጋል።»

ወራት! አባቷ ቀን እንኳ ተርፎት ነበር?

እየሮጠች አልጋው አጠገብ ደረሰች። እናት ከወዲያ ማዶ እጁን ይዛለች። አባት የልጁን እርምጃ ሰምቶ ትራሱ ላይ ዞር አለ።

«ታከምሽ?»

«ታከምኩ አባዬ።»

«እስቲ ልንካው።»

እጁን በአየር ላይ ሰደደ። ልጅቷ ጉንጯን ፍለጋ የሚመጣውን እጅ አየች፤ እናቷን አየች። ምን ትበል? ቁስል ነው፣ ገና ነው፣ አንተ አትደርስበትም ትበለው? ፊቷን አዞረችና ቀኙን፣ ጤነኛውን ጉንጯን ሰጠችው። ጣቶቹ ከዓይኗ ሥር ጀምረው እስከ አገጯ ቀስ ብለው ወረዱ። እንደገና ወጡ። እንደገና ወረዱ።

«ለስልሷል» አለ። «ተመስገን... ለስልሷል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ልጅቷ በፋሻ የተሸፈነ ፊቷን ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማዬ፣ በመጨረሻው ሰዓት አታለልኩት» አለች።

እናት ወደ እሷ ዞረች።

«አላታለልሽውም። ውሃ ልታመጪለት ስትወጪ ነገረኝ። ‹ጤነኛውን ነው የሰጠችኝ፤ ማወቄን እንዳትነግሪያት፣ ደስ ይበላት› አለኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ሆስፒታል በነበርን ጊዜም እንደዋሸልሽ አውቃለሁ» አለች እናት። «ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ውሸቱን አጣዋለሁ? ስለወደደሽ ነው ብዬ ተውኩት። እኔም እወድሻለሁ፤ ነይ።»

ያን ቀን እናትና ልጅ ተቃቅፈው ያለቀሱትን ያየ ድንጋይ እንኳ ቢሆን ያለቅስ ነበር። ወራት አለፉ። ሕክምናው ተደጋገመ፤ ጉንጯም እንደተባለው ለሰለሰ፤ እናት በመዳፏ እየዳበሰች አረጋገጠችው። ዕድል በአንድ እጇ ሰጥታ በሌላው ትወስዳለች ይላሉ። ከዚህች ልጅ ግን አስቀድማ ወሰደች፤ ስትሰጥም ሊያይላት የለመነው ሰው ካለፈ በኋላ ሰጠች። ልጅቷ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ባገኘችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሰውም ዞር ብሎ አያያትም። አባቷ ይህን ሳያይ ሄደ።