የፕሮቲን ሚዜዎች

በ1982 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዳ፣ ያልሞተ ቆሮሶ ዓሣ እንዲሸጡላት አስጋሪዎቹን ስትለምን ሁሉም ሳቁባት። ያልሳቀው ለእናቱ ዓሣ ሊገዛ የመጣ፣ ገብረየስ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ብቻ ነበር።

«በሕይወት ያለው ምን ያደርግልሻል?»

«ላሞቀው።»

«ልትቀቅይው?»

«ኧረ አይደለም!» ሳቀች። «ባልዲውን ከያዝክልኝ እነግርሃለሁ።»

ወንጌላዊት ኮሌጅ ውስጥ ረዳት ተመራማሪ ነበረች። ዓሣዎቹን ሁለት ገንዳ ውስጥ ከፋፍላ፣ የአንዱን ውሃ በመጠኑ አሙቃ መልሳ አቀዘቀዘችው። በማግሥቱ ሁለቱንም ከበፊቱ ይበልጥ ስታሞቅ ገብረየስ አጠገቧ ነበር። ሙቀት ያልቀመሱት ዓሣዎች በጎናቸው ተንጋለሉ፤ ፈጥና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ቀድመው የሞቁት ግን ይዋኛሉ።

«እንዴት ሆነ?» አለ።

«ፕሮቲን መጀመሪያ ሲሠራ እንደ ረጅም ክር ነው። በትክክል ካልተጣጠፈ ሥራ አይሠራም። ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ይፈታና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ የእንቁላል ነጭ እሳት ላይ እንደሚረጋው። ሴሉ ውስጥ ግን ክሩን ይዘው ካልሆነ ነገር ጋር እንዳይጣበቅ የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ሙቀት ሲሰማው ሴሉ እነሱን ያበዛል።»

«ክሩን የሚያጥፉት እነሱ ናቸው?»

«አይደሉም። አስተጣጠፉ ክሩ ራሱ ውስጥ አለ። እነሱ ፋታ ይሰጡታል፤ ሲያበቃ ትተውት ይሄዳሉ።»

«በአማርኛ ምን እንበላቸው? ሞግዚት?»

«ሞግዚት ታዛለች።»

«እንግዲያስ ሚዜ!»

ወንጌላዊት ቴርሞሜትሩን ትታ ዓይኖቹን አየች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥያቄ ይዞ ይመጣ ጀመር። ጥያቄው ሲያልቅበትም መምጣቱን አልተወም።

ገብረየስ የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። የእሷ አባት አቶ ማቴዎስ ደግሞ እዚያው ከተማ ፒያሳ ልብስ የሚሰፉ፣ የወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመኑን በየቤቱ በስውር የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ገብረየስ ለጋብቻ ሊጠይቃት ሲሄድ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ሃይማኖትህን ትተዋለህ?»

«አልተውም፣ አባባ። እሷንም ተዪ አልላትም።»

«እኔ ለዚህ እምነት ታስሬአለሁ። ልጄን ለሌላ ቤት መርቄ አልሰጥም።»

ወንጌላዊት አባቷን አልተጣላቻቸውም። «ደግመው ያነጋግሩት እንጂ» ትላቸው ነበር። እሳቸው መቀሳቸውን አንሥተው ጨርቃቸውን ይቆርጣሉ።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሊፈራረሙ ሄዱ። በወንጌላዊት በኩል ልትመሰክር ቃል የገባችው አክስቷ ካሰች ግን ቀረች። ጸሐፊው ሰዓቱን አየና፣

«ምስክር ካልተሟላ ሌላ ቀን ኑ» አላቸው።

ወንጌላዊት እንባዋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። በሩ ተከፈተ። አቶ ማቴዎስ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከፍጥነታቸው የተነሣ ያለከልካሉ።

«እህቴ ነገረችኝ፤ እኔን ፈርታ ነው የቀረችው» አሉ። ገብረየስን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «የሙሽራዋ ምስክር የሚፈርመው የት ላይ ነው?»